ጋሽ ሚዛንና የባሕር ማዶ ትምህርት ቤቶች

የትም ሳይሄድ የሁሉን አገር መንገድ የሚያውቅ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። አለ የሚል ካለ መሥሪያ ቤቱን በደንብ አላየውም፤ ወይም ሰውዬው ራሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ፓስፖርት የለውም፤ ግን ኢሚግሬሽን ላይ ምን እንደሚጠየቅና ምን ተብሎ እንደሚመለስ ያስተምራል። አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ግን እግር የማያሳብጠው መቀመጫ በየትኛው በኩል እንደሆነ ይነግራችኋል። ለኛ ትምህርት ቤት የደረሱን ጋሽ ሚዛን ናቸው።

ክቡር ጋሽ ሚዛን ለሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ከደመወዝ መክፈያው በቀር የሚጠራው የለም። በዕድሜያቸው የሄዱት ትልቁ ጉዞ ለፈተና ቁጥጥር ተመድበው በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት የተጓዙት ነው። ከዚያም ተመልሰው ወንበሩ ጠባብ ነበር እያሉ አንድ ወር አማርረዋል። ይህ ሁሉ ግን ሥልጣናቸውን አልነካውም። ከመካከላችን "ውጭ ሄጄ ላስተምር ወይስ እዚሁ ልቅር" የሚል ሐሳብ የገባው ሰው ሁሉ፣ ጉዳዩን እሳቸው ፊት ሳያቀርብ የወሰነበት ጊዜ የለም።

ችሎታቸው ሥርዓት ነበረው። አንድ የፈተና መልስ ወረቀት ያወጣሉ፤ ከመሃል ያጥፉታል፤ በአንዱ ወገን "እዚህ" በሌላው "እዚያ" ብለው ይጽፉና በማስመሪያ ያሰምሩበታል። "ስሜትህን ቤትህ ትተህ ና፤ እዚህ የሚመዘነው ነገር ነው" ይላሉ። ከዚያ ምርመራው ይጀመራል። ኮንትራቱ የስንት ዓመት ነው? የቤት ኪራይ በማን ነው? አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ አለ? ብትታመም ማን ያሳክምሃል? ባለጉዳዩ "እንጃ" ያለ እንደሆነ እስክሪብቶአቸውን ያስቀምጡና ፊታቸውን ጠረጴዛው ዙሪያ ወዳለነው መልሰው "እንጃ ብሎ አገር የሚለቅ ሰው አየሁ" ይላሉ።

የእንግሊዝኛዋ መምህርት ኮንትራቷን ይዛ ስትቀርብ ሁለት ጊዜ አንብበውላት አሥራ አንደኛው አንቀጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "ሌሎች ተያያዥ ሥራዎች" ይላል አንቀጹ። ይህ ማለት በምሳ ሰዓት ሕፃናት ትጠብቂያለሽ ማለት ነው አሏት። ሳቀችና ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት የላከችው ፎቶ ላይ ቢጫ ሰደርያ ለብሳ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጫወቻ ሜዳ ዳር ቆማለች። ጋሽ ሚዛን ፎቶውን ለያንዳንዳችን አሳዩ፤ ለጽዳት ሠራተኛዋም አሳዩ፤ ለርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ አሳዩ።

የስፖርት መምህሩን ደግሞ ሻንጣውን ትምህርት ቤት ድረስ አስመጥተው አስከፈቱት። ሁለት ብርድ ልብስ አግኝተው አወጡበት። ብርድ ልብስ እዚያ ሞልቷል፣ እዚያ የማይገኘው የምታውቀው ሰው ነው ብለው በቦታው የሁላችንንም ፎቶግራፍ ከተቱለት። ፎቶው ላይ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"የሁለተኛው ወር ሕግ" የሚሉትም አላቸው። በመጀመሪያው ወር ሰው ሁሉ ነገር ብርቅ ይሆንበትና የቧንቧ ውሃ ሳይቀር ፎቶ ያነሣል። በሁለተኛው ወር ግድግዳ ማናገር ይጀምራል። በሦስተኛው ወር ወይ ግድግዳው ይመልስለታል፣ ወይ እሱ ይመለሳል። የሒሳብ መምህራችን በሦስተኛው ወር ከስቶ ተመለሰ። ጋሽ ሚዛን "ብዬህ አልነበረም?" አላሉትም፤ ዝም ብለው ወንበር ሳቡለት። ያሉት በማግስቱ ነው። በዓመቱ እንደገና መዝነውለት ወደ ሌላ አገር ሄደና በዚያው ቀረ።

እንዲህ መዝነው መዝነው የመምህራን ማረፊያውን ባዶ አደረጉት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እኔ ስቀጠር በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አሥራ አራት ሰው ነበርን፤ ወንበር የሚገኘው በግፊያ ነበር። አሁን ትርፎቹ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። አዲሶቹ መምህራን ምሳቸውን በየክፍላቸው ስልካቸውን እያዩ ይበላሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸውን ዘግተው ይበላሉ። ጠረጴዛው ላይ የቀረነው ጋሽ ሚዛንና እኔ ነን። የሄዱት ሰዎች የሻይ ኩባያ መደርደሪያው ላይ አለ፤ በያንዳንዱ ሥር ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፏል። ሁልጊዜ ሐሙስ ጋሽ ሚዛን እጅጌያቸውን ሰብስበው አሥራ አንዱንም ያጥባሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው አቧራ ስለሚይዝ ነው አሉኝ። የኩባያዎቹ ባለቤቶች መጀመሪያ በየቀኑ ይጽፉላቸው ነበር፤ ከዚያ በየሳምንቱ፤ ከዚያ ስልክ ሲቀይሩ ብቻ።

በመጨረሻ ተራው የኔ ሆነ። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ የምኖረው መስኮቷ ወደ ጎረቤት ግንብ በሚከፈት አንዲት ክፍል ነው። ያለችኝ ዘመድ በሌላ ከተማ ከባሏና ከልጆቿ ጋር የምትኖር ታላቅ እህቴ ናት። ማስታወቂያውን ያገኘችው እሷ ናት፤ ማመልከቻውን በስልክ እያዘዘች ያስጻፈችኝም እሷ ናት። ሁለት ጊዜ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ተደረገልኝና ባሕር ማዶ ካለ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የቅጥር ደብዳቤ መጣ። መልስ መስጫው ሁለት ሳምንት ነበር። እህቴ ደስታዋን ከጨረሰች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔኮ እዚያ ክፍል ውስጥ ለብቻህ ስታረጅ ማየት ነው ያቃተኝ" አለችኝ።

ደብዳቤውን ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ሚዛን ፊት አኖርኩት። እጃቸውን ጠርገው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን አጠፉ። "እዚያ" የሚለው ወገን ወዲያው ሞላ። ጋዝና ውሃ የተዘረጋለት ላቦራቶሪ፤ በክፍል አሥራ ስምንት ተማሪ፤ የተከፈለ ቤት፤ የጤና መድን፤ በዓመት አንድ ጊዜ የአውሮፕላን ትኬት። እኔ አሁን የማስተምረው ስልሳ ሁለት ተማሪ በስምንት የሙከራ ቱቦ ነው፤ ከስምንቱ ሦስቱ የተሰነጠቁ ናቸው።

ወደ "እዚህ" ሲዞሩ እስክሪብቶአቸው ቆመ። ለሌላው ሰው ሳይጠይቁ የሚጽፉት ነበራቸው፤ ወላጅ፣ ትዳር፣ የልጆች ትምህርት ይሉ ነበር። የኔ ወላጆች አልፈዋል፤ ሌላውም እንደምታውቁት ነው። ወረቀቱን ብዙ አዩት።

"ጋሼ፣ ምንም የለም እንዴ?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። "አለ። ግን ብጽፈው የሚመዝነው ለኔ ነው እንጂ ላንተ አይደለም። ሂድ።"

ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝና ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያጠረ ሚዛን አልነበረም።

እዚህ ላይ ለስልሳ ሁለቱ ተማሪዎቼ ስል ቀረሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩም ቆርጠው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት ነበር። ግን ውሸት ነው። ክፍሌ ቁጭ ብዬ የሁለተኛውን ወር ሕግ ሳስብ እኔ ሁለተኛው ወር ውስጥ ከገባሁ ዓመታት እንዳለፉ ገባኝ። ቅዳሜና እሑድ ከሰው አፍ ቃል የምሰማው ዳቦ ስገዛና እህቴ ስትደውል ነው። በሌላው ቀን እንደ ሰው የሚያናግረኝ፣ አይቶት ስለማያውቀው አየር ማረፊያ መጸዳጃ ቤት የሚያብራራልኝ አንድ ሰው ነው። ብሄድ እኔ እዚያ ከግድግዳ ጋር፣ እሳቸው እዚህ ከኩባያ ጋር ልናወራ ነው። ብቸኛ ሰው ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ለባሕር ማዶው ትምህርት ቤት አመስግኜ እንደማልመጣ ጻፍኩ። ምክንያቴን በአጭሩ እንድነግራቸው በትሕትና ጠየቁኝ። ለማያውቁት ሰው እውነት መናገር ይቀላል፤ እንዲህ ብዬ መለስኩ። "ምሳ አብሬያቸው የምበላ ዕድሜያቸው የገፋ ባልደረባ አሉኝ። ከሄድኩ ብቻቸውን ይበላሉ፤ እኔም እንደዚያው።"

ለጋሽ ሚዛን ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? እሳቸው ዘንድ ተመዝኖ ያልተፈጸመ ነገር ስድብ ነው። "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ብለው አንድ ሳምንት ይዘጉኛል። ከሁሉም በላይ አፈርኩ። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ሻይ እየቀዳሁ፣ ፊታቸውን ሳላይ፣ ቦታው ስለታጠፈ ቅጥሩን ሰርዘውታል አልኳቸው። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ሚዛን ግን ምን አገባኝ ብሎ ማለፍ አልፈጠረባቸውም። ደብዳቤ ጽፎ መሰረዝ በሕግ እንደሚያስጠይቅ አስረዱኝ። ይተዉት ጋሼ፣ የዕድል ጉዳይ ነው ብላቸው፣ የዕድል ሳይሆን የአንቀጽ ጉዳይ ነው አሉኝ። ሁለት ባዶ ክፍለ ጊዜያቸውን ሠውተው ቀንና ቁጥር ያለው፣ "ጉዳዩ" የሚል ርዕስ የተሰመረበት የአቤቱታ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አረቀቁ። ቆመው አነበቡልኝ። በሥራ ዘመናቸው እንደኔ ያለ ሐቀኛ ሰው እንዳላጋጠማቸው የሚል ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ወለሉን አየሁ።

ከሥሩ የግልባጭ ዝርዝር አለ። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ምስክር የሌለው ውል ነው ብለው ያምናሉ፤ የትምህርት ቤቱን ጠመኔ ሲጠይቁ እንኳ ለሦስት ክፍል ግልባጭ ያደርጋሉ። አሁንም ለቦርዱ፣ ለሠራተኛ አስተዳደሩ፣ በመጨረሻም ለባለጉዳዩ ለኔ አደረጉ። ጸሐፊዋ ተይባ በኢሜይል ለባሕር ማዶው ትምህርት ቤትና ዝርዝሩ ላይ ላለነው ሁሉ ላከችው። ስትልከው በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጋሽ ሚዛን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ እነሱ ደብዳቤ ሳይመልሱ አያድሩም፣ እኔ አውቃቸዋለሁ አሉኝ።

እንዳሉትም መለሱ። ዓርብ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት ስልኬ ጮኸች። ደብዳቤው ለጋሽ ሚዛን ነው፤ በራሳቸው ዝርዝር መሠረት ግልባጩ ለኔም ደርሷል። እጅግ ጨዋ ደብዳቤ ነው። ቦታው አልታጠፈም፤ እንዲያውም እስካሁን ክፍት ነው፤ የማይመጡት ባልደረባዎ ራሳቸው ናቸው ይላል። የትምህርት ቤታቸውን ስም ለማጽዳት ሲሉም የጻፍኩትን ምክንያት ቃል በቃል አስፍረውታል። "ዕድሜያቸው የገፋ" የሚለው ላይ ዓይኔ ተተከለ። የገዛ ቃሌ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ አስመኘኝ።

ከላቦራቶሪው መስኮት ጸሐፊዋ አንድ ወረቀት ይዛ ግቢውን ስታቋርጥ አየሁ። የዘጠነኛ ክፍልን በር አንኳኳች። ጋሽ ሚዛን ወጡ፤ ጠመኔ በያዘ እጃቸው ተቀበሏት፤ በሩ ላይ እንደቆሙ አነበቡ። አንብበው ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከዚያ አጥፈው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱትና ተመልሰው ገቡ። እኔ የዚያን ቀን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ቀመር ተማሪዎች ናቸው ያረሙልኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ መቅረት አስቤ ነበር። ዘግይቼ ገባሁ። እሳቸው ምሳ ዕቃቸውን ሳይከፍቱ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ዝም ማለት ባለመቻሌ ጠየቅኩ።

"መለሱ እንዴ ጋሼ?"

"አልመለሱም" አሉ።

ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። "ሰው አያከብሩም። ያለ ልክ የካብኳቸው እኔ ነኝ" አሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ባሕር ማዶ ሐሰት ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የተናገሩትም ዕውቀታቸውን አዋርደው ነው። የወረቀቱ ጫፍ ከኮታቸው ብቅ ብሎ ይታየኛል። ግልባጭ ያደረጉልኝ ራሳቸው መሆናቸውን ረስተውታል።

"ልክ ነዎት ጋሼ" አልኳቸው።

በላን። ስለ አየር ማረፊያ አላወሩም፤ ስለ ቪዛም አላወሩም። ደወሉ ሊደወል ሲል ክዳኑን እየገጠሙ ተናገሩ።

"ነገ ቅዳሜ ነው።"

"አዎ።"

"ምን ትሠራለህ?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ቤት ና።"

መንገዱን ከመናገር ይልቅ ወረቀት አውጥተው ይሥሉት ጀመር። አደባባዩን፣ ድልድዩን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ ሦስተኛውን የብረት በር። ከላይ በቀኝ በኩል ሰሜንን በቀስት አመለከቱ፤ ከታች ልኬት አሰመሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሳቸው በትምህርት ቤቱ በኋለኛው በር፣ እኔ በፊተኛው እየወጣን ቤታቸው የት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ካርታውን ወደኔ አዙሬ ሳየው የኔው ሰፈር ነው። በልኬቱ መሠረት ከኔ በር እሳቸው በር ድረስ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።