የደባርቅ ጀልባዎች

ለክብሩ ስንል ስሙን የማንጠራው፣ በደባርቅ ያለ አንድ የበቅሎ አከራዮች ማኅበር በ2007 ዓ.ም. መስከረም ወር ድረ ገጽ በቁርባን አገባ። ይህን ታላቅ ቀን ሳያወሳ የሚያልፍ ጸሐፊ ቀለሙ ይድረቅ።

በስብሰባው ላይ ሁለት የድረ ገጽ መሥሪያዎች ቀርበው ነበር። ጸሐፊዋ ሕሊና የደገፈችው እንደ ልብ የሚለዋወጥ፣ ያልተስማማ ዕለት ጓዝን ጠቅልለው የሚወጡበትን ነው። ሌላው አምሮ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ አንዴ ከገቡ ግን ይዘውት አይወጡም።

ሰብሳቢው ጋሼ ገሠሠ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሳይጋቡ ስለ ፍቺ ይወራል?»

«ለጥንቃቄ ነው፣ ጋሼ።»

«መውጫ የበዛበት ቤት ሌባ አያጣውም። እኛ የቁርባን ነው የምንፈልግ።»

እትዬ ስንቅነሽ ከኋላ ወንበር፣ «እርስዎ ሦስተኛዋን በሰማንያ አይደል እንዴ ያገቡ?» አሏቸው።

«ሚስት ሌላ፣ ድረ ገጽ ሌላ» ሲሉ በጥበብ መለሱ። ተጨበጨበ። ማንኛውም አባል ከድረ ገጹ ውጭ እንግዳ እንዳይቀበልም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ሙሽራዪቱ ስትገለጥ ለባሕር ዳርቻ ሆቴል የተሰፋች ሆና ተገኘች። ግንባሯ ላይ ሰማያዊ ባሕርና ዘንባባ አለ፤ ከሥሩ «ጀልባዎን ይምረጡ» ይላል። ሕሊና ባሕሩን ለማንሣት ሦስት ቀን ታገለች። አልተነሣም። በጀልባ ፈንታ በቅሎ ብትጽፍም ገጹ መልሶ ጀልባ ይለዋል።

ማኅበሩ ግን ለችግር የሚንበረከክ አይደለም። በአስቸኳይ ስብሰባ ሃያ ሦስቱም በቅሎዎች ጀልባ ተብለው ተመዘገቡ። የአባሉ የደርበው ዳማ በቅሎ ጀልባ ቁጥር ሰባት ሆነች፤ የእርግጫ ዐመሏም «የሞተር ጉልበት» በሚለው ሥር ገባ።

ደርበው ከእሷ ሌላ የለውም። ክረምቱን እሱ ቆሎ እየቆረጠመ እሷን ገብስ ሲያበላ የከረመው ይህን በጋ አምኖ ነው። ጥቅምት አለፈ። ኅዳር ተጋመሰ። በድረ ገጹ የመጡት ሁለት ፈረንጆች ብቻ ሲሆኑ፣ የዋና መነጽር አንጠልጥለው ባሕሩ ወዴት እንደሆነ ጠየቁ።

«ጥገና ላይ ነው በሏቸው» አሉ ጋሼ ገሠሠ።

እንግዶቹ በመጡበት አውቶቡስ ወደ ጎንደር ተመለሱ።

በማግስቱ ደርበው በቅሎውን እየሳበ መናኸሪያ ወረደ። ከአውቶቡስ ለወረዱ እንግዶች በጣቱ መጀመሪያ ተራራውን፣ ቀጥሎ በቅሎዋን አሳየ። ሌላ ንግግር አላስፈለገም። ተራራው ላይ እስካለው አምባራስ አድርሷቸው ሲመለስ ደብዳቤ ጠበቀው፦

«ጀልባ ቁጥር 7 ያለ ፈቃድ ከወደብ ስለ ወጣች ከአባልነት ታግዳለች።»

ደብዳቤውን ይዞ ሕሊና ዘንድ ሄደ።

«አሁን እኔ አባል አይደለሁም ማለት ነው?»

«አይደለህም።»

«ከድረ ገጹ ውጭ እንግዳ እንዳይቀበል የተከለከለውስ ማነው?»

ሕሊና ቃለ ጉባኤውን ገልጣ አነበበች።

«አባል» አለች።

ደርበው ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ መናኸሪያ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ሃያ ሁለቱም ጀልባዎች «እኛም እንታገድ» ብለው አመለከቱ። ሕሊና ማመልከቻዎቹን በተራ ቁጥር መዘገበች። ቁጥር አንድ፣ ቢሮው ሳይከፈት በበሩ ሥር ሾልኮ የገባው፣ የጋሼ ገሠሠ ግራጫ ጀልባ ነበር። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «አለመስማማት» ተብሎ ተሞልቷል።