ግመሌ መኪና የሆነበት ሰሞን

«ዕዳ ከሜዳ» ሲባል ስትሰሙ እንዲያው ለአፍ እንዲጥም የተባለ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። እኔም በጉልምስናዬ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሰው ተበድሮ ባለዕዳ ይሆናል፤ ለማይረባ ዘመድ ዋስ ገብቶ ባለዕዳ ይሆናል፤ ከብቱ የጎረቤት ማሳ ገብቶበት ባለዕዳ ይሆናል። ይህ ሁሉ መነሻው የታወቀ ነው፤ ቁጭ ብላችሁ ብታስቡት «አዎ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት» ትላላችሁ። ከሜዳ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። እሱ በወረቀት ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። ስማችሁን ከነአባታችሁ ያውቃል። እናንተ ግን ከየት እንደመጣ አታውቁትም።

ደግሞ እንዲህ ያለው ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ደግ የሠራን ሰው ነው። ደግ ነኝ ማለቴ አይደለም። ባለቤቴ ፋጤ፣ አላህ ይማራትና፣ ይህን ስል ብትሰማኝ ኖሮ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። እኔ የምለው፣ ክፉ ብሠራ ኖሮ ማንም ወረቀት አይልክልኝም ነበር ነው።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። ያኔ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ መኪና መንገዱ ዳር ቤት ነበረኝ። ጥጥና በርበሬ ጭኜ ማጀቴ ገበያ፣ ሲቀናኝም አጣዬ ድረስ ወስጄ እሸጣለሁ። የምጭነው በዳልቻ ነው። ዳልቻ ግመሌ ነው። ያለኝ እሱ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም የገዛሁት ፋጤ የሰርጓን የብር ድሪ ከአንገቷ አውልቃ ሰጥታኝ ነበር። «ግመሉ ሲያተርፍ ትመልስልኛለህ» ብላኝ ነበር። እኔም «ኢንሻአላህ» ብያት ነበር። ከዚያ ወዲያ ስንት ክረምት እንዳለፈ አትጠይቁኝ።

በዚያ ሰሞን ጣሊያን የጣርማ በርን ተራራ ሆዱን እየበሳ ነበር። ካሚዮኖቹ ሲሚንቶ ተሸክመው እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ ባዷቸውን እየዘለሉ ይወርዳሉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዳልቻን ከመንገዱ አሥር እርምጃ አርቄ አንበርክኬ፣ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ጥጥ እየጫንኩ ሳለ፣ አንዱ ካሚዮን ከላይ እየበረረ መጣ። ሾፌሩ አንቀላፍቶ ይሁን ፍሬኑ እምቢ ብሎት አላህ ይወቅ። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እሱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከእኛ ማዶ ያለው ቦይ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ተጋደመ። ዳልቻ አንገቱን ዞር አድርጎ አየና ማመንዠኩን ቀጠለ። በአደጋው ውስጥ የነበረው ድርሻ ይኸው ነው፤ ወላሂ ሌላ የለበትም።

ሦስታችን ሮጠን ሾፌሩን ከጋቢናው ጎትተን አወጣነው። ገና ጺሙ በቅጡ ያልበቀለ ጣሊያን ነው፤ አንድ እግሩ ተሰብሯል። ቃሬዛ ሠርተን እስከ ሰፈራቸው ተሸክመን አደረስነውና ወደ ጥጣችን ተመለስን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ዛሬ የማወራችሁ አይኖረኝም ነበር።

በማግስቱ ፋጤ «ሂድና ጠይቀው» አለችኝ።

«ጣሊያን እኮ ነው!» አልኳት።

«ጣሊያን ይሁና! በደጃችን ነው የወደቀው። የማያውቁት አገር ወድቆ ዞር ብሎ ያየው የለም ይባል?»

በእኛ በይፋት አገር አደጋ የደረሰበት ሰው ይጠየቃል። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ወዳጅህ ይሁን ባላጋራህ፣ በደጅህ ከወደቀ ትጠይቀዋለህ። ባዶ እጅህን ከሄድክ ደግሞ ባትሄድ ይሻልሃል። ጣሊያንን እንደ እሬት ነበር የምጠላው፤ አገሬን ይዞ በገዛ መንገዴ ላይ «ወረቀትህን አሳይ» የሚለኝን ሰው እንዴት ልውደድ? ግን ልማድ ከጥላቻ ይቀድማል፤ ፋጤም ከሁለቱም ትቀድማለች። አንድ ወጠጤ ፍየል እየሳብኩ፣ አንድ ገንቦ ማር ተሸክሜ ሄድኩ። «አላህ ያሽርህ» አልኩት። ቋንቋውን ባያውቅም ገባው መሰል እጄን ይዞ አለቀሰ።

የሰፈሩ ሹም፣ ያው ጣሊያን ነው፣ በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። አስተርጓሚው ተክሌ አጠገቡ አለ። ተክሌ የደጋ ልጅ ነው፤ ሚሲዮን ቤት ጣሊያንኛ የለመደ፣ ለሁለቱም ወገን አንገቱን ሲሰብር አንገቱ የቀጠነ። ሹሙ ፍየሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ተክሌን አንድ ሁለት ነገር ጠየቀና ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። እኔ ሞኙ ደግነቴን የሚመዘግብ መስሎኝ ስሜን ከነአያቴ ነገርኩት።

ሳምንት አልሞላውም፤ ሁለት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ከተክሌ ጋር መጡ። አንደኛው ዳልቻን ከግንዱ ፈታ። ተክሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወረቀት አነበበልኝ። ያለ ሰሌዳ ቁጥር፣ ያለ መብራት፣ ያለ መንጃ ፈቃድ እና ያለ ኢንሹራንስ መንገድ ላይ በተገኘ ተሽከርካሪ ምክንያት በመንግሥት ካሚዮን ላይ ጉዳት ስለደረሰ፣ የተሽከርካሪው ባለቤት ይማም ሙሔ አንድ ሺህ ሊሬ በአሥራ አምስት ቀን እንዲከፍል፤ ባይከፍል ተሽከርካሪው ተሽጦ ዕዳው እንዲቀነስለት ይላል። ኢንሹራንስ የምትሉትን ነገር ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ጣሊያን በራሱ ቋንቋ ሌላ ስም ይለዋል፤ እሱ ይቅርባችሁ።

«የማን ተሽከርካሪ?» አልኩት ተክሌን።

«የእርስዎ፣ ጋሽ ይማም።»

«የታለ?»

በአገጩ ዳልቻን አመለከተኝ።

«አንተ ተክሌ፣ አብደሃል? ይሄ እኮ ግመል ነው!»

«እኔማ አውቃለሁ። ቢሮው ያለው ቅጽ ግን የመኪና ብቻ ነው። የግመል ቅጽ ከሮማ አልመጣም።»

ሱብሃነላህ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግመል ባልነካው ካሚዮን ካሳ ለቀማ ግን ሰምቼ አላውቅም። በማግስቱ ሁለቱን ጎረቤቶቼን ለምስክርነት ይዤ ሹሙ ፊት ቀረብኩ። ዳልቻ ተንበርክኮ እንደነበር፣ ከመንገዱ አሥር እርምጃ እንደሚርቅ፣ ካሚዮኑም በማዶ በኩል እንደወደቀ አስረዳሁ። የፈለጉትን መሐላ ልማል አልኩ። ሹሙ እጁን አወዛወዘ፤ ምስክርም መሐላም አያስፈልግም አለ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር።

«ካላጠፋህ ፍየሉን ለምን አመጣህ?»

ልማዳችን ነው አልኩ። የወደቀ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም አልኩ። ተክሌ ሲተረጉም ሹሙ ፈገግ አለ። በእሱ አገር ሰው ላላጠፋው ጥፋት ፍየል አይሰጥም፤ ስለዚህ ፍየሉ የእምነት ቃል ነው፤ ማሩ ደግሞ ጥፋቱ ከባድ እንደነበረ ያሳያል ብሎ ፈረደ።

«ፍየሉን ግን በልተውታል» አልኩ። ይህቺን ተክሌ አልተረጎማትም።

አንድ ሺህ ሊሬ ቤቴን ከነጣራው ብሸጥ አይወጣም። ቀኑ ይቆጠር ጀመር። ዳልቻ ከሹሙ ቢሮ ጓሮ ታስሯል፤ እኔም በየቀኑ ሣር ተሸክሜ እሄዳለሁ፤ ለታሰረ ሰው ስንቅ እንደሚያቀብል ዘመድ ማለት ነው። ገበያ መሄድ ቀረ። ጥጡ ቤት ውስጥ ተከምሮ አይጥ ራባበት። ፋጤ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። አንዳንዴ ብቻ ሳታስበው ባዶ አንገቷን በእጇ ትዳብስና መልሳ ታወርደዋለች። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ወሬው በበኩሉ አገሩን አዳረሰ። «ጣሊያንን የጠየቀ ግመሉን ይከፍላል» ተባለ። አበቃ። እንቁላል ይሸጡላቸው የነበሩ ሴቶች እንኳን የሰፈሩን በር ሲያልፉ ዘንቢላቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ጀመር፤ ስጦታ መስሎ ቢታይስ?

ክረምቱ ወጣና የሮቢት ንዳድ ገባ። ቆላ ታውቃላችሁ፤ ወባው ሹመት አይጠይቅም። በአንድ ሳምንት ሹሙም ተክሌም ተያያዙና ወደቁ። የሚኖሩት በአንድ ቆርቆሮ ቤት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ተክሌን የሚወድ ሰው ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን ታመመ ተባለና ሰው ጎረፈ። አጥሚት የያዘች ትገባለች፣ ዶሮ ያንጠለጠለ ይገባል፣ እስላሙ ዱዓ ያደርጋል፣ ክርስቲያኑ ጠበል ይረጫል። ሾፌሩ እንኳን በምርኩዙ እየተንቀጠቀጠ መጣ አሉ። በሹሙ በር ግን ዝንብ ብቻ ነበር የሚገባው።

ኋላ ተክሌ እንደነገረኝ፣ በአራተኛው ቀን ሹሙ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ በግድግዳው በኩል ተጣራ።

«ተክሌ፣ እነዚህ ሰዎች ምን በድለውህ ነው?»

«ምንም አልበደሉኝም፤ ታመምክ ብለው ነው።»

«እኔስ አልታመምኩም?»

ተክሌም ትኩሳቱ ድፍረት ሰጠው መሰለኝ፣ ጤነኛ ሆኖ የማይለውን ተናገረ። «ጌታዬ፣ ይፈራሉ። ዶሮ ይዘው ቢመጡ እርስዎ ‹ንዳዱን ያመጣችሁብኝ እናንተ ናችሁ› ብለው ከብታቸውን ይወስዱባቸዋል።»



ለአሥራ አምስቱ ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ሹሙ አስጠራኝ። ፋጤ እንደ ልማዷ ወደ ማጀት ገብታ የምታስይዘኝን ትፈልግ ጀመር። «ባዶ እጅህን ልትገባ ነው? ነውር አይደለም?» አለች። «ለነውር የሚሆን ግመል አልቀረኝም» አልኳትና ወጣሁ።

ሰውዬው ቀልጧል። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ አልጋው ላይ ተቆራምዷል። መጀመሪያ ያየው ፊቴን አይደለም፤ እጄን ነው። ሁለቱን መዳፎቼን ገልብጬ አሳየሁት። ተክሌ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ምንም አላመጣህም?» አለ።

«ያለኝ ሁሉ እርስዎ ጓሮ ታስሯል» አልኩ። ከዚያ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሳዘነኝ። አገሬን የያዘ ጠላት መሆኑን አልረሳሁም፤ ግን አልጋ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው፤ ውሃ የሚያቀብለው እንኳን አልነበረም። አፌ ቀደመኝና «አላህ ያሽርዎ» አልኩት። ይህቺን ተክሌ ተረጎማት።

ሹሙ ቅጹን ከነደብተሩ አስመጥቶ ከታች አንድ መስመር ጻፈበት። እንዳልበደለኝ አልጻፈም፤ መንግሥት እንደዚያ አይጽፍም። ተክሌ ኋላ ሲያነብልኝ እንዲህ ይላል፦ «ተሽከርካሪው ሲመረመር ሞተር የሌለው መሆኑ ስለተረጋገጠ ተለቋል።»

ዳልቻን ይዤ ቤቴ ስደርስ ፋጤ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። እኔን ግን አላቀፈችኝም።

ታሪኩ አለቀ እንዳትሉ። በወሩ ንዳዱ ወደ እኔ ዞረ። መደቡ ላይ ተኝቼ እየነደድኩ ሳለ ውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ሹሙ ነው፤ ከስቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንድ ትልቅ ጣሳ ስኳር ታቅፎ፣ ተክሌን አስከትሎ ደጃችን ቆመ። የአገሩን ልማድ መልመዱ ነው እንግዲህ። ፋጤ በሩ ላይ ቆማ ጣሳውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ምን አጥፍቶ ነው?» አለች።

ሹሙ ተክሌን ምን አለች ብሎ ጠየቀው። «እንኳን ደህና መጡ ነው የምትለው» አለ ተክሌ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

በገዛ ሕጉ ከሆነ ባዶ እጁን ያልመጣ ሰው ጥፋቱን አምኗል ማለት ነው፤ ጣሳው ትልቅ ስለነበር ደግሞ ጥፋቱም ትንሽ አይደለም። ምን እንዳጠፋ ማናችንም መጠየቅ አላስፈለገንም፤ የመረብን ወንዝ ከተሻገረበት ቀን ጀምሮ እስከ ደጃፋችን ድረስ የተዘረጋ ነው። ፋጤን «ተቀበይው» አልኳት፤ ተቀበለችው። ስኳሩ በአንድ ወር አለቀ። ካሳውን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።