ጋሽ እምሩና የፈረንሳይ ኮረኮንች

(በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠና ስድስት፣ ከትንሣኤ በኋላ የዋለ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ። ከሄይዋርድ ከተማ በላይ፣ በኮረብታዎቹ መካከል ባለው ሐይቅ ዳር፤ ባሕር ዛፉ ሲሸት፣ ውሃው ሲያበራ። ለሁለት ሰው የተሠራ ረጅም ብስክሌት ይመጣል። ከፊት ጋሽ እምሩ ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ፈረንሳይ የተማሩ፣ ባለቤታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ሳን ሆዜ ከልጃቸው ከጽናት ጋር የሚኖሩ ጡረተኛ። ከኋላ ወይዘሮ የወርቅውሃ ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ ሪችመንድ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩ። ሁለቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ብስክሌቱ ይሄዳል ከማለት ይንገዳገዳል ማለት ይቀላል።)

እምሩ፦ እግርዎ ፔዳሉ ላይ ተቀምጧል እንጂ አይሠራም እያልኩ ነው!

የወርቅውሃ፦ ይሠራል! ይኸው ይሽከረከር የለም?

እምሩ፦ የሚሽከረከረውማ እኔ ስነዳው ነው። የእርስዎ እግር ፓሴንጀር ነው።

የወርቅውሃ፦ አንድ ላይ የታሰረ ነገር ማን እንደነዳው በምን ይታወቃል?

እምሩ፦ በላብ! ጀርባዬን ይመልከቱ።

የወርቅውሃ፦ ሌላ ምን ልመልከት? ሐይቅ እናያለን ብለው አምጥተውኝ፣ ከተነሣን ጀምሮ ያየሁት ይህንን ሸሚዝ ነው።

እምሩ፦ ፈረንሳይ ተማሪ ሳለን...

የወርቅውሃ፦ (ወደ ሐይቁ ዞረው) መጣች ፈረንሳይ።

እምሩ፦ ምን አሉ?

የወርቅውሃ፦ ይቀጥሉ ነው ያልኩት።

(ጎማው ጠጠር ላይ ይንሸራተታል። ሁለቱም ይጮኻሉ። ይተርፋሉ።)

እምሩ፦ አይፍሩ! አይፍሩ! ይሄ ልምምድ ነው። የፈረንሳዩ መንገድ ከዚህ ይብሳል።

የወርቅውሃ፦ ፈረንሳይ አስፋልት የለም እንዴ?

እምሩ፦ ሞልቷል። እኛ ግን በአስፋልቱ አንሄድም። እንሂድ የምልዎት የብስክሌት ቱር ቁም ነገሩ እሱ ነው። ገጠር ለገጠር፣ ኮረኮንች ኮረኮንቹን ነው የሚኬደው።

የወርቅውሃ፦ አስፋልቱ እያለ?

እምሩ፦ እያለ።

የወርቅውሃ፦ ቆይ ጋሽ እምሩ፣ ይግባኝ። እኔ ከኮረኮንች ሸሽቼ ነው እዚህ አገር የገባሁት። በልጅነቴ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ስንሄድ ጥርሳችን እርስ በርሱ ይንገጫገጭ ነበር። አሁን ያንን ሁሉ ሰዓት አውሮፕላን ላይ ተቀምጬ፣ ኮረኮንች ፍለጋ ፈረንሳይ ልሂድ?

እምሩ፦ ያኛው የችግር ኮረኮንች ነው። ይሄኛው የመዝናኛ ኮረኮንች ነው።

የወርቅውሃ፦ መቀመጫዬ ልዩነቱን ያውቃል?

እምሩ፦ ታሪክ ያለው መንገድ ነው እኮ! አንዳንዱን የጠረጉት የጥንት ሮማውያን ናቸው።

የወርቅውሃ፦ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ አላስተካከለውም?

እምሩ፦ (እንዳልሰሙ ሆነው) አገሩ ብሬን ይባላል። የሺህ ኩሬ አገር ይሉታል። አንዱን ሐይቅ አልፈው ትንፋሽ ሳይሰበስቡ ሌላው ይመጣል። ጥንት መነኮሳት የቆፈሯቸው ናቸው፤ ሥጋ በሚጾሙበት ወራት ዓሣ እንዲበሉ።

የወርቅውሃ፦ ለጾም ብለው ሺህ ኩሬ ቆፈሩ?

እምሩ፦ ቆፈሩ።

የወርቅውሃ፦ ጉድ እኮ ነው! ከዚያ ሁሉ ቁፋሮ ሽሮ በልቶ መተኛት አይሻልም ነበር?

እምሩ፦ ሽሮ ከየት ይመጣል ፈረንሳይ! ገዳማቸውንም እናየዋለን። ግድግዳው እስከ ዛሬ ቆሟል፣ ጣሪያው ብቻ ነው የሌለው። ቆመው ቀና ሲሉ ሰማዩ ነው የሚታየው።

የወርቅውሃ፦ ጣሪያ የለውም? እንግዲያው የሕንፃ ኮሚቴያቸው እንደኛው ቤተ ክርስቲያን ነው።

እምሩ፦ የምን ኮሚቴ! ቅርስ ነው! ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተተወ።

የወርቅውሃ፦ የኛዎቹም "ሆን ብለን ነው" ቢሉ እኮ ይህን ያህል ዓመት ባልወቀስናቸው።

እምሩ፦ ከኩሬዎቹ ሁሉ ትልቁ ስሙ ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ቀይ ባሕር! አንድ ባላባት ከኢየሩሳሌም ዘመቻ ሲመለስ ያወጣለት ስም ነው ይላሉ። አጠገቡ የባላባቱ ግንብ ዛሬም አለ።

የወርቅውሃ፦ ቀይ ባሕር? ፈረንሳይ ውስጥ?

እምሩ፦ ስሙ ነው።

የወርቅውሃ፦ ይተዉኝ እባክዎ! ቴሜስካል ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት ሰዎቻችን በተቀመጡ ቁጥር "የኔ ነው"፣ "የለም የኔ ነው" ሲባባሉ ወጡ ይቀዘቅዝባቸዋል። ለካስ ፈረንሳይ ወስዶት ኖሯል!

(ብስክሌቱ ከሥሩ ኳ! ይላል። ሰንሰለቱ ወልቆ ይንጠለጠላል። ይወርዱና ጎንበስ ብለው ያዩታል። አንዳቸውም ምንም አያውቁበትም።)

የወርቅውሃ፦ ፈረንሳይ ይሄ ሲሆን ምን ታደርጉ ነበር?

እምሩ፦ ፈረንሳይ... ፈረንሳይ እንዲህ አይሆንም ነበር።

የወርቅውሃ፦ እንግዲያውስ እንግፋው።

(እምሩ መሪውን፣ የወርቅውሃ ኮርቻውን ይዘው እየገፉ ይሄዳሉ።)

እምሩ፦ (ለብቻቸው) ይሻላል። አሁን ፊቷን እያየሁ መናገር እችላለሁ። እምሩ፣ ዛሬ ነው! ፓርኪንጉ ጋ ሳንደርስ ካልተናገርክ፣ በወሩ መጨረሻ አፓርትመንቷን ለቃ ዳላስ ሴት ልጇ ዘንድ መሄዷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ፈረንሳይ አወራሃት። ስለ ራስህ አንድ ቃል ተንፍሰህ ታውቃለህ? (ጮክ ብለው) ወይዘሮ የወርቅውሃ፣ ይሄ ቱር የሚኬደው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው።

የወርቅውሃ፦ ጥሩ አስበዋል። ሰው ብቻውን ገጠር አይገባም።

እምሩ፦ ማደሪያውም ጥንድ ጥንድ ነው። አንድ ክፍል ለሁለት ሰው።

የወርቅውሃ፦ ታዲያ ወዳጃችንን ሀብቱን ይዘውት ይሂዱ።

እምሩ፦ ሀብቱን?!

የወርቅውሃ፦ ታክሲ ነጂ ነው፣ መንገድ አይጠፋውም።

እምሩ፦ ሀብቱ ያንኮራፋል!

የወርቅውሃ፦ ደግሞ እርስዎ በምን አወቁ?

እምሩ፦ በስብከት ሰዓት ጉባኤው ሁሉ ያውቃል! እኔ የምልዎት... ክፍሉ የባልና ሚስት ክፍል ነው። ግንብ ውስጥ። መሳፍንት ያደሩበት ግንብ፤ መስኮቱ ወደ ሐይቁ የሚከፈት፣ ጠዋት ሲነሡ ዳክዬው በጉም ውስጥ...

የወርቅውሃ፦ ስንት ክፍል ነው?

እምሩ፦ ምኑ?

የወርቅውሃ፦ ግንቡ።

እምሩ፦ እኔ እንጃ። ስልሳ ይሆናል።

የወርቅውሃ፦ ወይኔ! ስልሳ ክፍል አልጋ ማን ያነጥፋል? እኔ ሪችመንድ የአንድ ኮሪደር አንጥፌ ወገቤ አልቀና ይላል።

እምሩ፦ እርስዎ አያነጥፉም! እንግዳ ነዎት!

የወርቅውሃ፦ ለኔ መች አልኩ? ለነዚያ ለሚያነጥፉት አዝኜ ነው እንጂ።

እምሩ፦ (ላባቸውን ይጠርጋሉ። ፓርኪንጉ ከዛፎቹ ማዶ ብቅ ብሏል።) እሺ። ግንቡን ይተዉት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንድ ጨዋ ሰው፣ ለምሳሌ ነው የምልዎት፣ እርስዎ ቤት ሽማግሌ ቢልክ ምን ይላሉ?

የወርቅውሃ፦ ከማን ጋር ተጣልቼ?

እምሩ፦ አልተጣሉም!

የወርቅውሃ፦ ዘርትሁን ናታ! ሽማግሌ ከላከች ተቀይማኛለች ማለት ነው። ይሄ የድስቱ ነገር ነው! እኔ የድስቴን ክዳን አልመለሰችም አልኩ እንጂ ሌባ ናት አልወጣኝም።

እምሩ፦ ዘርትሁን የለችበትም! የሚታረቅ ሰው የለም! ሽማግሌ ለሌላም ይላካል። ለ... ለቁም ነገር።

የወርቅውሃ፦ ለጋብቻ ማለትዎ ነው?

እምሩ፦ ለምሳሌ።

የወርቅውሃ፦ በኔ ዕድሜ? ደግሞስ ሽማግሌው ማን ፊት ይቀርባል? አባቴ አፈር ከሆኑ ቆዩ። ያለኝ ወንድ ልጄ ብሩኬ ነው። የተከበሩ ሰዎች በነጠላ በከዘራ መጥተው "እናትህን ስጠን" ቢሉት፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ "ኦኬ፣ ዋትኤቨር" ነው የሚላቸው።

እምሩ፦ (ለብቻቸው) ልክ ብላለች! እኔስ ሁለት ዓመት የታሰርኩት በዚሁ አይደል? ማን ዘንድ ልላክ? እንደ ፈረንጅ በጉልበቴ ልንበርከክ? የኔ ጉልበት ደግሞ አንዴ ከታጠፈ አምቡላንስ ካልመጣ አይዘረጋም።

(የወይዘሮ የወርቅውሃ ቢፐር ይጮኻል። ከወገባቸው ነቅለው፣ ከዓይናቸው አርቀው ቁጥሩን ያነባሉ።)

እምሩ፦ ሥራ ነው?

የወርቅውሃ፦ አይ፣ መልስ የምጠብቅበት ጉዳይ አለኝ። ቶሎ ቶሎ እንበል፣ ፓርኪንጉ ጋ ስልክ አለ።

እምሩ፦ (ለብቻቸው) ዳላስ ናት! ልጇ ናት! አለቀልኝ።

(ፓርኪንጉ። የወርቅውሃ የሕዝብ ስልኩ ውስጥ ሳንቲም ይጨምራሉ። እምሩ ብስክሌቱን እንደ በሽተኛ ደግፈው ጆሯቸውን አሹለዋል።)

የወርቅውሃ፦ (በስልክ) ሄሎ! አዎ፣ እኔው ነኝ። ደኅና ገባችሁ? ... እሰይ። ምን አለች? ... መቼ? ዛሬውኑ?

እምሩ፦ (ለብቻቸው) ዛሬውኑ!

የወርቅውሃ፦ (በስልክ) ቆይ እስቲ፣ የምን ሻንጣ? በር ላይ? ... ልብሱ ሁሉ ታጥፎ?

እምሩ፦ (ብስክሌቱ ከእጃቸው አምልጦ ይወድቃል) የወርቅውሃ! አትሂጂ!

የወርቅውሃ፦ (ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው) ምን ነካዎት?

እምሩ፦ ዳላስ አትሂጂ! ግንቡም ይቅር፣ ኩሬውም ይቅር፣ ፈረንሳይም ከነኮረኮንቿ ትቅር! ስለሷ የማወራው ሌላውን ነገር ማውራት ፈርቼ ነው። አግቢኝ! ይኸው ወጣልኝ። አግቢኝ!

የወርቅውሃ፦ እስቲ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ስለ እርስዎ እየተነጋገርን ነው።

እምሩ፦ ስለኔ? ከማን ጋር?

የወርቅውሃ፦ ከሽማግሌዎቼ ጋር። (በስልክ) ገባኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኋላ ኮል አደርጋለሁ። (ይዘጋሉ።)

እምሩ፦ የምን ሽማግሌ?

የወርቅውሃ፦ ጋሽ ሳህሉ፣ ወልደ ሚካኤልና ሀብቱ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ሳን ሆዜ ልጅዎ ዘንድ ልኬያቸዋለሁ። እርስዎን እንድትሰጠኝ።

እምሩ፦ እኔን? ሴት ወንድን? በሽማግሌ?

የወርቅውሃ፦ ምን ላድርግ? ሁለት ዓመት ኩሬ ለኩሬ አዞሩኝ። የኔ ቤት የሚጠየቅ ሰው ከጠፋ፣ እርስዎ ቤት ልጅ አለች አልኩ። ያውም የተማረች።

እምሩ፦ እና ያ ሁሉ... ሀብቱን ይውሰዱት፣ ከማን ተጣላሁ፣ አልጋ ማን ያነጥፋል...

የወርቅውሃ፦ ሰዓቱን መግፋት ነበረብኛ! እዚህ ቀድመው ቢናገሩ፣ እነዚያን የተከበሩ ሰዎች እዚያ ድረስ ልኬ ምን ፊት ይኖረኛል? ደግሞ የሚጠየቅ ሰው እቤት አይገኝም፣ ነውር ነው። "ብስክሌት እንንዳ" ሲሉኝ፣ ተመስገን፣ ከቤት የማወጣበት ዘዴ መጣልኝ ብዬ ነው የተከተልኩዎት። እንጂማ እዚህ ዕቃ ላይ በጤናዬ እወጣለሁ?

(እምሩ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ይላሉ። ጉልበታቸውን ረስተውታል።)

እምሩ፦ ዳላስስ?

የወርቅውሃ፦ ልጅዎ "አይሆንም" ካለች መሄዴ ነበር። እያየሁዎት እዚህ ከመቅረት ይሻላል ብዬ።

እምሩ፦ ምን አለች ታዲያ?

የወርቅውሃ፦ እሱ ላይ ነው ችግሩ።

እምሩ፦ አልሰጥም አለች! አውቃታለሁ፣ አባቷን ትወዳለች።

የወርቅውሃ፦ ሽማግሌዎቹ ገና ቁጭ ሳይሉ፣ "ሹር! መቼ ትወስዱታላችሁ?" አለቻቸው። ያውም በአማርኛ።

እምሩ፦ እንዲያው ሳታግደረድር? "ተመካክረን እንመልስላችኋለን፣ ለሳምንት ተመለሱ" ይባላል እኮ! ደንቡ ነው!

የወርቅውሃ፦ ሻንጣዎን አሽጋ በር ላይ አውጥታ፣ "አሁኑኑ ጭናችሁት ሂዱ" ብላለች አሉ። የፈረንሳዩን ካርታዎን ሁሉ ጨምራ።

እምሩ፦ የገዛ ልጄ! ይሁን እንግዲህ፣ ጭነውት መጡ?

የወርቅውሃ፦ ኧረ የለም። ጋሽ ሳህሉ ደነገጡ። "እንዲህ በጥድፊያ የሚሰጥ ሰው አንዳች ነገር ቢኖርበት ነው። እኛው ተመካክረን እንመለሳለን" ብለው፣ ሻዩን እንኳ ሳይቀምሱ ይዘዋቸው ወጡ።

እምሩ፦ በኔ ላይ? ሳህሉ እኮ ሠላሳ ዓመት ያውቀኛል!

የወርቅውሃ፦ ለዚያ ይሆናላ።

እምሩ፦ አንቺስ? አንቺ ምን ትያለሽ?

የወርቅውሃ፦ (እጃቸውን ዘርግተው ከአስፋልቱ ያነሷቸዋል፣ እጃቸውንም አይለቁም) እኔማ ዳላስን ትቻለሁ። የሽማግሌ ነገር ግን አይዘለልም። ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘዋል። እስከዚያው ጠባይዎን ያሳምሩ።