ጠመንጃና ኩርፊያ

ፈረንጅ ከወንድሙ ጋር ሲጣላ ጠመንጃ ያነሣል፤ ቢያንስ በፊልም። እኛ ግን ሥልጡን ነን፤ እናኮርፋለን። ኩርፊያ ድምፅ የለውም፣ ፖሊስ አያስጠራም፣ ምንጣፍ አያቆሽሽም። ዕድሜ ግን ይበላል። አኩርፎ የማያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ አስተዋውቁኝ፤ ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ።

እትዬ ዘውዴና ታናሽ እህታቸው ሙሉ እዚሁ ሮም ከተኳረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሙሉን ከአዲስ አበባ ያስመጧት፣ «ዋሷ እኔ ነኝ» ብለው አንዲት ሲኞራ፣ ጣሊያናዊት እመቤት፣ ቤት ያስቀጠሯት እትዬ ዘውዴ ናቸው። እሷ ግን አንድ ቀን ሳትነግራቸው ሻንጣዋን ይዛ ከዚያ ቤት ወጣች። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። በሲኞራዋ ፊት አፍረዋል፣ በቃ። ይኼም ባልከፋ፤ ነገር ግን እትዬ ዘውዴ ጡረታ ወጥተው በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠቅልለው አገራቸው ሊገቡ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ሳይታረቁ ከሄዱ ዳግመኛ መገናኘታቸውን እንጃ። ሁለቱንም ስለምወዳቸው ነገሩ ዕረፍት ነሣኝ።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ሐሙስ ከሰዓት፣ የሮም የቤት ሠራተኛ ሁሉ በሚያርፍበት ሰዓት፣ አንዷ ስለሌላዋ ሳታውቅ ፒኜቶ ሰፈር ወዳለችው ቤቴ ጠራኋቸው። ፊልም እንይ አልኩ። ፊልም ለተኳረፈ ሰው ይመቻል፤ ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ ተነጋገሩ አይልም። መግለጫው «ሁለት ወንድማማቾች፣ ቤተሰብና ታማኝነት» ይላል። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ታየኝና ሶፍት ሁሉ ገዝቼ ጠበቅሁ።

ሁለቱም መጡ፤ ሲተያዩ ፊታቸውን ቢያዞሩም ቤቴን ረግጦ መውጣት ነውር ሆኖባቸው ተቀመጡ። አሎራ፣ ጣሊያን እንደሚለው፣ ፊልሙ ተጀመረ። ገና ከመጀመሩ ታናሽየው ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሰው ገደለ። ታላቅየው ደግሞ ባለ ሰፊ ባርኔጣ ፖሊስ ነው፤ ወንድሙን አሳልፎ ይስጠው ወይስ ያስመልጠው ጨንቆት፣ በዚያ ደረቅ ምድር ላይ በመኪና ይከተለዋል። ሁለቱም ቃል አይተነፍሱም። በመንገዳቸው የተገኘ ሰው ግን ይሞታል። ከሶፋው መሃል ተቀምጫለሁ፣ እትዬ ዘውዴ በቀኜ፣ ሙሉ በግራዬ፤ ላቤ ይንቆረቆራል።

በመጨረሻ ወንድማማቾቹ ሽጉጥ ደግነው ተፋጠጡ። እትዬ ዘውዴ አላስቻላቸውም።

«ይኼ ሁሉ ሰው ሲያልቅ የንስሐ አባት የላቸውም እንዴ?» አሉኝ።

«ታላቅየው አንዴ ‹ምን ሆነህ ነው?› ብሎት ቢሆን እዚህ አይደርሱም ነበር» አለች ሙሉ፤ እሷም ለእኔ።

«ታናሽየውስ መጀመሪያ ቢያማክረው ምን ነበረበት?»

«ይቆጣኛል ብሎ ፈርቶ!»

«ቢቆጣስ? ይበላዋል?»

ፊልሙን አቆምኩት። ማንም ልብ አላለኝም። ሙሉ እያለቀሰች፣ ሲኞራዋ በወጣች ቁጥር ከውጭ ትቆልፍባት እንደነበር ተናገረች። እኔም አልሰማሁም ነበር። እትዬ ዘውዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ከውጭ? እኔ እያለሁልሽ?»

«እርስዎ ዋስ ሆነው ባስቀጠሩኝ ቤት ተቆለፈብኝ ብዬ እንዴት ልንገርዎት?»

ሙሉ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል ቀድመው አቀፏት። ያን ሶፍት የጨረስኩት እኔ ነኝ።

ምስጋና ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ እትዬ ዘውዴ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ቴሌቪዥኑ አዩ። «እንዲህ ያለ ደም ለእንግዳ ይጋበዛል?» አሉ። «እኔንም ገርሞኛል» አለች ሙሉ። ተደጋግፈው ወደ ሜትሮው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው፤ አፋቸው አላረፈም። ማንን እንደሚያሙ ለመገመት አልተቸገርኩም።

በማግስቱ እትዬ ዘውዴ ደወሉ።

«አንዳችንን ከአንዳችን ደብቀሽ መጥራትሽ ተንኮል ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«በስልክ አይሆንም። እኔና እህቴ ተቀይመንሻል። ሽማግሌ ላኪ!»

እሺ ብያለሁ። ግን የሚሄዱበት ቀን እስኪደርስ ድረስ ሽማግሌ አልክም፤ እኔን እያሙ አብረው ይሰንብቱ።