ለቅሶ በመንግሥት ወጪ

አንዳንድ መንግሥት መፈራት ብቻ አይበቃውም፤ ሰዉን አስፈራርቶ ሲጨርስ ደግሞ ውደዱኝ ይላል። ይህን የተረዳሁት ሪያድ ውስጥ፣ ኦፔራ ቤት ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አዎ፣ እኔ፣ ፉጣ ሰፈር ተደራርቤ የማድረው፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለኝ ሲሚንቶ ተሸካሚ።

ኦፔራ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሰው እየሞተም የሚዘፍንበት ቲያትር ነው። ይኼኛው አገሪቱ ከአሸዋ ተነስታ እንዴት ብርሃን እንደሆነች ይተርካል። ቴሌቪዥን ይቀርጸዋል፣ ትልልቆቹ ሹማምንትም ይመጣሉ። ሕዝቡ ግን በማያውቀው ቋንቋ ሲጮኹበት ለማምሸት አልቸኮለም። ባዶ ወንበር ደግሞ ለካሜራ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ያገራችን ሰው፣ ደላላ፣ እኛን ለቃቅሞ ለወንዶቹ ነጭ ቶብ፣ ለሴቶቹ አባያ አደለን።

«ያላ፣ እጄን ሳነሳ ታጨበጭባላችሁ። ሌላ ድምፅ እንዳልሰማ።»

ማስጠንቀቂያም አያስፈልገንም ነበር። በየበሩ ፖሊስ ቆሟል፤ ዓይን ውስጥ የገባ ሰው ቀጥታ ወደ ተርሂል፣ ወደ ተባራሪዎች ማጎሪያ፣ ከዚያም ወደ አገሩ ነው።

አጠገቤ ዘምዘም ተቀምጣለች። የወሎ ልጅ ናት፤ ሺፋ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት ጠፍታ የወጣች። እናቷ በቅርቡ ሞተውባታል። ሄዳ አልቀበረቻቸውም፤ ከሄደች መመለሻ የላትም። ክፍሏ ውስጥ እንዳትጮህ ደግሞ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።

መድረክ ላይ ጀግናው ሞተ። አንዲት ፈረንጅ እናቱ ነኝ ብላ ሬሳው ላይ ተደፍታ ታዜም ጀመር። እንግዲህ እኛ ለቅሶ ላይ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ፤ በሰው ሬሳ የራሳችንን እናወጣለን። ዘምዘም በቀስታ «እናቴን» አለች። ከዚያ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች።

«እህቴ፣ ታስጨርሺናለሽ» አልኳት ክንዷን ይዤ።

አልሰማችኝም። ከኋላ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት። እኔም ምን ልዋሻችሁ፣ አባቴ ትዝ አለኝ።

ፖሊሶቹ ወደ እኛ መጡ። ካሜራውም ዞረ። አለቀልን ስል፣ ከፊት የተቀመጡት ትልቅ ሰውዬ መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን አበሱ። እሳቸው እያበሱ ማን ይቀራል? ሊይዙን የመጡት ፖሊሶች ሳይቀሩ አበሱ። ማታ በዜና የዘምዘም እንባ የአገር ፍቅር ተብሎ ታየ።

በማግስቱ ደላላው መጣ። «ዛሬም እዚያችው ቦታ ላይ ታለቅሻለሽ። ትእዛዝ ነው።»

ዘምዘም ፊቷ ፈካ ብሏል። «ኸላስ፣ ወንድሜ፣ እናቴን አልቅሼ ወጣልኝ። ዛሬ ማን ሞቶብኝ?»

ያን ምሽት ጀግናው እንደገና ሞተ፤ አዳራሹም በትእዛዝ አለቀሰ። ዓይኗ ደረቅ የሆነው ዘምዘም ብቻ ነበረች። እሷን ወሰዷት።

ከተርሂል በሰው ስልክ ደወለችልኝ። እያለቀስኩ መሆኔ ገባት መሰለኝ፣ የምታጽናናው እሷ ሆነች።

«አይዞህ ወንድሜ፤ እናቴ መቃብር ድረስ ሊያደርሱኝ ነው።»