የእትዬ ሐዋ ጆሮና ወፍራሙ ሽቦ

እኔ ምክር መስጠት የምወደው በማላውቀው ነገር ላይ ነው። በማውቀውማ ማን ይጠይቀኛል? ዕድሜ ልኬን ገብስ ሳመርት ኖሬ፣ "አያ ካሳ፣ ገብስ እንዴት ይዘራል?" ያለኝ ሰው አንድም የለም። ስልክ ሲበላሽ፣ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም፣ ሰው ከሚስቱ ሲኳረፍ ግን ከወግዲ እስከ አቀስታ ያለው ሁሉ እዚህ መካነ ሰላም መጥቶ ደጄን ያጨናንቀዋል። (ትንሽ አጋነንኩ መሰለኝ። ከወግዲ የመጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም መንገድ ሊጠይቀኝ።) እናንተም ብትሆኑ፣ ሽበትና ከዘራ አንድ ላይ ከመጡላችሁ ወዲያ "አላውቅም" የምትለው ቃል ከአፋችሁ እንዴት እንደምትጠፋ ታዩታላችሁ።

እንግዲህ በዚህ ማዕረጌ ላይ እያለሁ ነው የጎረቤቴ የእትዬ ሐዋ ልጅ ዘይነባ ከጅዳ የተመለሰችው፤ የወይፈን ቁመት ያለው ካርቶን አሸክማ። ውስጡ ሆም ቴአትር ነበር፤ አምስት ስፒከርና ቤዝ የሚሉት፣ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ አንድ ትልቅ ጥቁር ሣጥን።

ነገሩ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። የእትዬ ሐዋ ታናሽ ልጅ ሰዓዳ እዚያው ጅዳ ነው ያገባችው። የሠርጓ ቪዲዮ በስልክ መጥቷል፤ መጨረሻው ላይ ሙሽራዋ ወደ ካሜራው ዞር ብላ ለእናቷ አንድ ነገር ትናገራለች። የእትዬ ሐዋ ጆሮ ግን ደከም ብሏል። ስልኩን ከጆሯቸው ሲለጥፉት ልጃቸውን አያዩ፣ ከዓይናቸው ፊት ሲይዙት ድምፅ አይሰሙ። ስንት ወር ሙሉ የልጃቸውን ከንፈር ብቻ ሲያዩ ከረሙ። "ምንድን ነው ያለችኝ?" ብለው የጠየቁት ሁሉ የመሰለውን ይነግራቸዋል። እኔማ የሙሽራ ንግግር እንዲያ ሲያጥር አንጀቴ አልችል ብሎ፣ አሥር ምርቃትና አንድ ለቅሶ ጨምሬ ነው የነገርኳቸው። ዘይነባ ይህን ሁሉ ሸክም ከባሕር ማዶ ያመጣችው እናቷ ያቺን ቃል በገዛ ጆሯቸው እንዲሰሙ ነበር።

ታዲያ ከዕቃው ጋር የመጡት ሽቦዎች አጠሩ። የእትዬ ሐዋ ሳሎን እንግዳ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ የሚደረደርበት፣ ከዳር እስከ ዳር ለመጣራት ጉሮሮ የሚጠይቅ ሳሎን ነው። ስለዚህ ወደ ከድር የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድን፤ እኔ ሳልጠራ። ከድር ሁለት ዓይነት ሽቦ ዘረጋልን። አንዱ ቀጠን ያለ ቀይና ጥቁር ጥንድ፣ ሌላው የአውራ ጣቴን ያህል የወፈረ የመብራት ሽቦ።

"ወፍራሙ!" አልኩ። "ያ ሁሉ ድምፅ በዚህች ቀጭን እንዴት ሊያልፍ ነው? መንገድ ላይ ይተናነቃል።"

"አያ ካሳ፣ በዚህኛው እኮ በሬ ነው የሚታሰርበት" አለ ከድር።

ዘይነባ አልተከራከረችኝም። ከአምስቱ ስፒከሮች ትንሿን ከቦርሳዋ አውጥታ የጀርባዋን ቀዳዳ አሳየችኝ፤ ምስር እንኳ በግድ የምታስገባ። "አባባ፣ እኔ የማዳሜን ሆም ቴአትር ስድስት ዓመት አቧራውን ስጠርግ ነው የኖርኩት። ቀዳዳ በቀዳዳ አውቀዋለሁ። ጥንዱ ይበቃል። ብቻ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይግባ፤ ርዝመቱም እስከ ጓዳው በር ይድረስ።"

ጓዳ ደግሞ ምን ሊያደርግ? ብዬ አሰብኩ። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ ባልነገርኳችሁ።

ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቤቱ ሞላ። መብራትም እንግዳ አክብሮ አልጠፋም። ዘይነባ ስፒከሮቹን ቴሌቪዥኑ ዙሪያ ልትደረድር ስትል ብድግ አልኩ። "ድምፅ እኮ እንደ ምግብ ነው፣ በማዕረግ ይቀርባል! ታላቃችን ሸህ ሙሄ እያሉ ትልቁ ቤዝ እታች ይወድቃል?" ሽማግሌው በሙሉ "አወና!" አለ። ቤዙ ከሸህ ሙሄ ጎን ተቀመጠ። አራቱ ስፒከሮች ለአራት ሽማግሌዎች ታደሉ፤ አንዱ ሽማግሌ እኔ መሆኔን መናገር ያስፈልጋል? የሳሙና ካርቶን የማታክለው አምስተኛዋ ተረፈች።

"እሷን ለእማዬ ስጡልኝ" አለች ዘይነባ መሬት መሬቱን እያየች። እትዬ ሐዋ ጓዳው በር ላይ ከሴቶቹ ጋር ነበሩ። ለዚያች ማን ይጣላል? በደግነታችን ፈቀድን።

ቪዲዮው በቴሌቪዥኑ ተጀመረ። ሸህ ሙሄ ዘንድ ድም! ድም! ብቻ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ብድግ ቁጭ ይላል። "አያ ካሳ፣ ሠርግ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት ነው ያመጣችሁኝ?" አሉ። እኔ ዘንድ ጭብጨባ፣ ከጎኔ ካለው ዘንድ የሳህን ኳኳታ። ሙሽራዋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ቃሏ ግን የለም። አሁን ደግሞ ሁላችንም እትዬ ሐዋን ሆንን።

ያኔ ከጓዳው በር እልልታ ፈነዳ። የሰው ቃል የሚወጣው ለካ በትንሿ ኖሯል!

መጀመሪያ ሸህ ሙሄ ተነሡ፤ ከዚያ የመካነ ሰላም ሽማግሌ በሙሉ ማዕረጉን ወንበሩ ላይ ትቶ ወደ ጓዳ ጎረፈ። እትዬ ሐዋ ስፒከሯን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው "ድገሚልኝ! ድገሚልኝ!" ይላሉ። ዘይነባ ደገመችው።

"እማ፣ ጫማው ጠቦኛል፤ ግን በጣም ደስ ብሎኛል። ዱዓ አርጊልኝ።"

በቃ። ይኸው ነው።

እትዬ ሐዋ እንባና ሳቅ ተደባልቆባቸው፣ "ወይ ልጄ! እግሯ እኮ የአባቷ ነው!" አሉና ድንገት ወደ እኔ ዞሩ። "አንቱ አያ ካሳ! ያን ሁሉ ምርቃት ከየት አመጡት? የጫማውንስ ነገር ለምን ደበቁኝ?"

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ቤዙ እንኳ እንዲያ አላናወጠውም። እኔ ከዘራዬን መፈለግ ጀመርኩ።

ስወጣ ዘይነባን በር ላይ ያዝኳት። "ቃሉ በትንሿ እንደሚወጣ ታውቂ ነበር?"

"አባባ፣ ስድስት ዓመት አቧራዋን ጠርጌያለሁ እያልኩዎት!" አለችኝ።

አሁን እስከ አጅባር ድረስ ሆም ቴአትር የገባበት ቤት ሁሉ ትንሿን ስፒከር ከእናት አጠገብ ያስቀምጣል አሉ። ይህን ምክር ማን እንደሚሰጣቸው መቼም አታጡትም።