ለሮማን የተላኩ ሽማግሌዎች

ሦስት ሽማግሌዎች ከረባት አስረው፣ ያልተፈጠረች ሴት ከባሏ ሊያስታርቁ ተነሱ ብልሽ ታምኛለሽ? አታምኚም። ግን የሆነው እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፣ ሮተርዳም አጠገብ፣ ካፔለ፣ ሦስተኛ ፎቅ። እስከ መጨረሻው ስሚኝና ካላመንሽ ውሸታም በዪኝ።

ነገሩ የጀመረው በቤት ሥራ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የድሮ የአሜሪካ ልብወለዶች አንብቡና የሴቶቹ ኑሮ እንዴት እንደተለወጠ ጻፉ አለችን። የድሮ ስልሽ፣ ሴት ቢሮ ገብታ ታይፕ መታች ተብሎ ከተማው የሚንጫጫበት ጊዜ። ሦስት አነበብኩ። ሦስቱም ላይ ሴትዮዋ ጎበዝ ናት። ብስክሌት ትነዳለች፣ ሥራ ትይዛለች፣ የራሷን ክፍል ትከራያለች። እኔም አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በርቺ እላታለሁ። ከዚያ መጨረሻው ምዕራፍ ይመጣል። አንዷ ይቅርታ ጠይቃ ቤቷ ተመለሰች። አንዷ ሀብታም አገባችና ሥራውን ተወችው። ሦስተኛዋ በጉንፋን ሞተች። ሰው ታይፕ ስለመታ በጉንፋን ይሞታል እንዴ? ደራሲው ነው የገደላት። መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ነበር፣ የላይብረሪ ስለሆነ ተውኩት።

የተናደድኩት ግን በደራሲው ብቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን እማዬ ትራም ነጂ መሆን አምሯታል። ሮተርዳም ውስጥ ስንት ዓመት ቢሮ ስታጸዳ ኖረች፣ አሁን ስልጠና አገኘች። እኛ እዚህ ኦፕሌይዲንግ የምንለውን። ፎርሙ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፏል፣ ምዝገባው ሊያበቃ ዐሥር ቀን ቀርቷል። አባዬ እምቢ አለ። ምክንያቱስ? ሰው ምን ይለኛል። ሚስቱ ትራም ስትነዳ ሐበሻ ሁሉ ተሳፍሮ ሊያያት ነው። ደግሞ የጠዋት ፈረቃ ከገባች ትንሿን እህቴን፣ ሶስናን፣ ማን ትምህርት ቤት ያደርሳታል? እማዬ እሱ እሺ ካላለ አልሞላም አለች። ይህን ስሰማ መጨረሻው ምዕራፍ የደረሰ መሰለኝ።

እኔ ደግሞ ስናደድ ተንኮል ይመጣልኛል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሳህን ስናጥብ እትዬ የሺ አጠገብ ቆምኩ። እትዬ የሺ ከአምስተርዳም እስከ ደንሃግ ማን ከማን እንደተኳረፈ የሚያውቁ ሴት ናቸው። በጉንፋን የሞተችውን ሴትዮ ሮማን ብዬ ስም አወጣሁላትና ደንሃግ አስቀመጥኳት። ባሏ አትሠሪም ቢላት ጥላው ወጣች፣ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ቢሮ ትሠራለች አልኩ። የማን ልጅ ናት አሉኝ። እንጃ አልኩ። ሳህኑ ታጥቦ ሳያልቅ፣ አምስተርዳም ሰርግ ላይ አይቻታለሁ፣ ቀጭን ናት አይደል አሉ። እሮብ ላይ ሮማን የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። መጽሐፉ ላይ እኮ ልጅ የላትም። አርብ ሽማግሌ ይላክ ተባለ።

ማን ይሂድ? ጋሽ መኮንን፣ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ጋሽ ደምሴ፣ መኪና ስላላቸው። ሦስተኛውን ገምቺ እስቲ። አባዬ። ይህን እኔም አላሰብኩትም፣ እውነቴን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ጋሽ መኮንን ሳይለማመዱ ሰው ቤት አይሄዱም። አባዬን፣ አንተ በዕድሜ ትቀርበዋለህ፣ ባልየውን አንተ አናግረው አሉት። ጋሽ ደምሴ ባል ሆነው ሶፋው ላይ ተኮፈሱ። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። እማዬ ጨርቅ ይዛ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች።

«ወንድሜ» አለ አባዬ፣ «ሚስትህ ልሥራ አለች እንጂ ምን አጠፋች? ሰው ምን ይለኛል ትላለህ። ሰው ኪራይህን አይከፍልልህም።»

ጋሽ ደምሴ ባልነቱ ጥሟቸው፣ ልጆቹንስ ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል ብለው ተከራከሩ።

«እግር የለህም? ብስክሌት የለህም? አንተ አድርሳቸዋ» አለ አባዬ ሞቅ ብሎት። «እኔ ብሆን አደርሳለሁ።»

እማዬ ፎርሙን ከፍሪጁ ላይ ነቅላ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽ መኮንን፣ ሰምተዋል አይደል?» አለች።

ጋሽ መኮንን ፎርሙን አዩት፣ አባዬን አዩት። «ሰምተናል» አሉ።

አባዬ ሽማግሌ ሆኖ የተናገረውን ባል ሆኖ እንዴት ይካደው፣ ያውም ሁለት ምስክር ፊት። እማዬ እዚያው ቁጭ ብላ ሞላች። ጽሑፏ ቀጥ ያለ ነው።

ከዚያ ሊሄዱ ተነሱ። የሮማን አድራሻስ? እትዬ የሺ ጋ ተደወለ። ልጅቷን ጠይቋት አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምን ላድርግ? መጽሐፉን አመጣሁና ሮማን ይቺ ናት አልኩ። አባዬ ያን ቀን የወሰደውን ስልኬን እስካሁን አልመለሰልኝም። ጋሽ መኮንን ግን መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን አገላበጡና መጨረሻዋ ምን ሆነ አሉኝ። ሞተች፣ በጉንፋን፣ አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሽማግሌ ሳይላክ?» አሉ።

ለአስተማሪዬ ይህንኑ ጻፍኩላት። ከአሥር ሰባት ሰጠችኝ፣ ዘጠኝ ይገባኝ ነበር። እማዬ ስልጠና ጀምራለች። አባዬ ጠዋት ጠዋት ሶስናን በብስክሌት ያደርሳል፣ ሰው ሲያየው ለጤናዬ ነው ይላል።

በይ አሁን አንቺም ለሰው ንገሪ። ለጓደኛሽም፣ ሆግቭሊት ላለችው አክስትሽም። መጽሐፍ ነው እንዳትዪ ብቻ። ሮማን የምትባል ሴት ደንሃግ አለች፣ ባሏ ሥራ ከልክሏት ወጣች፣ ሽማግሌ ያስፈልጋታል በዪ። ሚስቱን እምቢ ያለ ባል ካወቅሽ ደግሞ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሱ ይሁን ብለሽ ጠቁሚ።